መነሻውና አቅጣጫው ተሰጥቶኝ ቬክተሩን እንዴት ላግኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ቀን ቀን በመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ላይ የቀያሽ ረዳት ነኝ፤ ፕሪዝም (የመለኪያውን ጨረር የሚመልሰውን መስታወት) እይዛለሁ። ማታ ማታ በኤክስቴንሽን ሲቪል ምህንድስና ጀምሬያለሁ። በመልመጃ ላይ «ከነጥብ ሀ(2፣ −1፣ 4) የሚነሳና የቬክተር ለ = (3፣ −6፣ 2) አቅጣጫ ያለው ቬክተር ፈልጉ» ተባልን። እኔ ደምሬ (5፣ −7፣ 6) ብዬ ጻፍኩ፤ ኤክስ ተደረገብኝ። ጓደኛዬ (6፣ −12፣ 4)፣ ሌላው ልጅ ደግሞ (3/7፣ −6/7፣ 2/7) ብለው ሁለቱም ራይት አገኙ። ለአንድ ጥያቄ ሁለት የተለያየ መልስ እንዴት ትክክል ይሆናል? የኔስ ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ? «ተቃራኒ አቅጣጫ» ሲባልም የመጀመሪያውን ቁጥር ምልክት ብቻ እየቀየርኩ እሳሳታለሁ። በሥራ ቦታ ደግሞ ቶታል ስቴሽኑ (አንግልና ርቀት የሚለካው የቅየሳ መሣሪያ) የሚያወጣውን ኮኦርዲኔት በእጄ ላረጋግጥ ብዬ ሳሰላ ነጥቤ ሌላ ሰፈር ይወድቃል። የክፍሉና የሜዳው ነገር አንድ ነው ወይስ ሁለት? ካልኩሌተር ልግዛ እያልኩም ነውና ምከሩኝ።
ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

የክፍሉና የሜዳው ነገር አንድ ነው። በክፍል አቅጣጫውን በሦስት ቁጥር ጽፈው ይሰጡሻል፤ በሜዳ ደግሞ መሣሪያው ሁለት አንግልና አንድ ርቀት ያነብልሻል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያው ነው፦ ቬክተሩን ማውጣት፣ መነሻው ላይ መደመር፣ መድረሻውን ማግኘት። ያስቸገረሽ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ እየተምታቱብሽ ነው።

(5፣ −7፣ 6) ብለሽ የጻፍሽው የድምር ስሕተት የለበትም። ሀ ላይ ለን ስትደምሪ የሚወጣው ይኸው ነው። ያገኘሽው ግን ቬክተሩ የሚያርፍበትን ነጥብ እንጂ ቬክተሩን አይደለም። ቬክተር የሚናገረው «በኤክስ ይህን ያህል፣ በዋይ ይህን ያህል፣ በዜድ ይህን ያህል ተንቀሳቀስ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከየት እንደሚነሳ በውስጡ አልተጻፈም። ለባጃጅ ሹፌር «ሦስት መቶ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ሰሜን» ብትዪው፣ ከመናኸሪያም ተሳፈሪ ከገበያ ትእዛዙ ያው ነው፤ የሚለየው የምትወርጂበት ቦታ ነው።

እንግዲህ መነሻው ነጥብ የቬክተሩን ቁጥሮች አይነካም። ሀ(2፣ −1፣ 4) ባይሆንና ሀ(100፣ 0፣ −50) ቢሆን ኖሮ እንኳ የጓደኛሽ (6፣ −12፣ 4) ትክክል እንደሆነ ይቀር ነበር። መነሻው የሚያስፈልገው መድረሻውን ስትጠየቂ ወይም ቬክተሩን በሥዕል ስታስቀምጪ ነው። የጓደኛሽ ቬክተር ከሀ ተነስቶ (8፣ −13፣ 8) ላይ ያርፋል፤ የልጁ አጭር ቬክተር ደግሞ ከሀ ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። ሁለቱም ግን ከአንድ ቦታ ተነስተው በአንድ መስመር ላይ፣ ወደ አንድ ወገን ነው የሚሄዱት።

ለምን ሁለቱም ራይት ሆኑ? እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው። መነሻና አቅጣጫ ሰጥቶ ርዝመቱን ዝም ብሏል። ርዝመት ካልተሰጠ ለን በየትኛውም ፖዘቲቭ ቁጥር ብታባዢው አቅጣጫው አይለወጥም፤ በ2 ብታባዢ የጓደኛሽ መልስ፣ በ1/7 ብታባዢ የልጁ መልስ፣ በ1 ብታባዢ ራሱ ለ። የመልሱ ብዛት ማለቂያ የለውም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ «ቬክተሩ = ቲ × (3፣ −6፣ 2)፣ ቲ ከዜሮ የሚበልጥ ማንኛውም ቁጥር» ብለሽ ጻፊ፤ ከሥሩ አንድ ምሳሌ ምረጪና መድረሻውን አያይዢ። እንዲህ ከጻፍሽ መምህሩ የትኛውንም መልስ ይዞ ቢያርም ነጥብ የሚቀንስበት ምክንያት አይኖረውም።

አንድ የአጻጻፍ ልማድም ያዢ። ሦስት መስመር ለይተሽ «መነሻ፣ ቬክተር፣ መድረሻ» እያልሽ ከፊታቸው ስማቸውን ጻፊ። ነጥብም ቬክተርም በሦስት ቁጥር በቅንፍ ስለሚጻፉ በዓይን አይለዩም፤ አንቺም የተሳሳትሽው እዚያው ላይ ነው። አንዳንድ መምህራን ለቬክተር ባለማዕዘን ቅንፍ የሚጠቀሙት ይህን ለመከላከል ነው። የአንቺ መምህር ባይጠቀም እንኳ በደብተርሽ ላይ ተጠቀሚበት።

ርዝመት ሲሰጥ መልሱ አንድ ብቻ ይሆናል። «ከሀ የሚነሳ፣ የለ አቅጣጫ ያለው፣ ርዝመቱ 10 የሆነ» ቢሉሽ መጀመሪያ የለን ርዝመት አውጪ። የሦስቱን ቁጥሮች ስኩዌር ደምሪ፦ 9 + 36 + 4 = 49፤ የ49 ስኩዌር ሩት 7 ነው። ለን በ7 ብታካፍዪ ርዝመቱ ልክ 1 የሆነ ዩኒት ቬክተር ታገኛለሽ፤ እሱን በ10 አባዢ። መልሱ (30/7፣ −60/7፣ 20/7) ነው፤ በዴሲማል (4.286፣ −8.571፣ 2.857) ገደማ። መድረሻው ሀ ሲደመርበት (6.286፣ −9.571፣ 6.857) ይሆናል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ለን ራሱን በ10 ያባዛና ርዝመቱ 70 የሆነ ቬክተር ይዞ ይመጣል። በርዝመቱ ማካፈል ከማባዛቱ በፊት የሚመጣው ለዚህ ነው።

ዩኒት ቬክተሩን ቶሎ አታሳጥሪው። 3/7ን 0.43፣ −6/7ን −0.86፣ 2/7ን 0.29 ብለሽ ከያዝሽ የቬክተሩ ርዝመት 1 መሆኑ ቀርቶ 1.0043 ገደማ ይሆናል። በወረቀት ላይ ይህ ምንም አይመስልም፤ በሜዳ ግን 100 ሜትር ላይ 43 ሴንቲሜትር ነው። የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ በ43 ሴንቲሜትር ከቦታው ቢወጣ ፎርማንሽ ምን እንደሚል አንቺ ታውቂያለሽ። ክፍልፋዩን እስከ መጨረሻው ክፍልፋይ አድርገሽ ያዢ፤ ወይም መጀመሪያ በ10 አባዝተሽ መጨረሻ ላይ በ7 አካፍዪ፤ ዴሲማሉን የምታሳጥሪው መልሱን ስትጽፊ ብቻ ነው።

ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እንሂድ። ተቃራኒ ማለት በኔጋቲቭ ቁጥር ማባዛት ነው፤ ስለዚህ የሦስቱም ምልክት ይገለበጣል። የለ ተቃራኒ (−3፣ 6፣ −2) ነው። ርዝመቱ 21 ይሁን ከተባለ 21 ለ7 ሲካፈል 3፣ ኔጋቲቭ ሲደረግ −3፤ ቬክተሩ (−9፣ 18፣ −6)፣ መድረሻው ደግሞ (−7፣ 17፣ −2) ነው። እንዳልሽው የመጀመሪያውን ምልክት ብቻ ቀይረሽ (−3፣ −6፣ 2) ብትዪ፣ ርዝመቱ አሁንም 7 ስለሚመጣ ርዝመት መፈተሽ ስሕተቱን አያጋልጥልሽም። ዶት ፕሮዳክት (የሁለቱን ቬክተሮች ተጓዳኝ ቁጥሮች አባዝቶ መደመር) ግን ያጋልጠዋል፦ (3)(−3) + (−6)(−6) + (2)(2) = 31፤ 31 ለ49 ሲካፈል 0.633 ገደማ፤ ይህም የ51 ዲግሪ ገደማ ኮሳይን ነው። ዞርኩ ብለሽ ያሰብሽው 180 ዲግሪ ሲሆን የዞርሽው ግን 51 ብቻ ነው። እውነተኛው ተቃራኒ ዶት ፕሮዳክቱ የሁለቱ ርዝመቶች ብዜት በኔጋቲቭ ነው፤ እዚህ −49 መምጣት አለበት።

«ትይዩ» የሚለውን ቃል ከ«ተመሳሳይ አቅጣጫ» ጋር አታምታቺው። ትይዩ ሲባል ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሆናል። «ከሀ የሚነሳ፣ ከለ ጋር ትይዩ የሆነ፣ ርዝመቱ 14 የሆነ ቬክተር» ከተባለ መልሱ ሁለት ነው፦ (6፣ −12፣ 4) ወደ (8፣ −13፣ 8)፣ እና (−6፣ 12፣ −4) ወደ (−4፣ 11፣ 0)። አንዱን ብቻ ጽፎ ግማሽ ነጥብ ማጣት የተለመደ ነው።

መልስሽን ለመፈተሽ የመልሱን እያንዳንዱን ቁጥር በአቅጣጫ ሰጪው ቁጥር አካፍዪ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ከሰጡና ፖዘቲቭ ከሆነ አቅጣጫው አንድ ነው፤ ኔጋቲቭ ከሆነ ተቃራኒ ነው፤ ከተለያዩ መስመሩንም ስተሻል። የጻፍሽውን (5፣ −7፣ 6) በዚህ ብትፈትሺው 5/3፣ 7/6 እና 3 ይወጣል፤ ሦስቱ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ቬክተር ብለሽ ልታስረክቢው እንደማይቻል ራስሽ ታዪ ነበር። አቅጣጫ ሰጪው ውስጥ ዜሮ ካለ ግን በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል እዚያ ቦታ ላይ የምታዪው የመልሱም ቁጥር ዜሮ መሆኑን ብቻ ነው። (0፣ 4፣ −3) ከተሰጠሽ በኤክስ በኩል ምንም አትንቀሳቀሺም፤ መድረሻውና መነሻው አንድ ዓይነት ኤክስ ይኖራቸዋል። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ አቅጣጫ የሚባል ነገር የለም፤ ጥያቄዎቹ ላይ «ዜሮ ያልሆነ ቬክተር» የሚል ሐረግ የሚጨመረው ለዚያ ነው።

አቅጣጫው ሁልጊዜ በቬክተር ተጽፎ አይመጣም። አንዳንዴ «ከመ(4፣ 1፣ −2) ወደ ሠ(1፣ 5፣ 10) በሚወስደው አቅጣጫ» ይሉሻል። ከመድረሻው መነሻውን ቀንሺ፦ (1 − 4፣ 5 − 1፣ 10 − (−2)) = (−3፣ 4፣ 12)። ርዝመቱ የ169 ስኩዌር ሩት፣ 13 ነው። ከሀ ተነስቶ በዚህ አቅጣጫ 26 የሚረዝመው ቬክተር (−6፣ 8፣ 24) ሲሆን (−4፣ 7፣ 28) ላይ ያርፋል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መቀነስ፤ ይህ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይሰጥሻል። ሁለተኛው 10 − (−2)ን 8 ማለት ነው። መና ሠ እዚህ ለአቅጣጫ ብቻ የመጡ ናቸው፤ መነሻው አሁንም ሀ ነውና መድረሻውን ለማግኘት መ ላይ እንዳትደምሪ።

አቅጣጫው ከሦስቱ ዘንጎች ጋር በሚሠራቸው አንግሎች ከተሰጠ ደግሞ የእያንዳንዱ አንግል ኮሳይን በቀጥታ የዩኒት ቬክተሩ ቁጥር ነው። የሦስቱ ኮሳይኖች ስኩዌር ድምር የግድ 1 መሆን ስላለበት ሦስቱንም አንግል እንዳሻሽ መምረጥ አትችዪም። ከኤክስ 60፣ ከዋይ 60 ዲግሪ ከሆነ 1/4 + 1/4 ግማሽ ነው፤ ለዜድ የቀረው ስኩዌር ግማሽ ነውና አንግሉ 45 ወይም 135 ዲግሪ ይሆናል፤ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚለውን ጥያቄው ሊነግርሽ ይገባል። ከኤክስም ከዋይም 30 ዲግሪ የሚሠራ አቅጣጫ ግን የለም፤ 3/4 + 3/4 ከ1 ይበልጣል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ካጋጠመሽ «አይኖርም» ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው።

አሁን ሜዳ እንውጣ። ቶታል ስቴሽኑ የቆመበት ነጥብ መነሻሽ ነው፤ ፕሪዝምሽ መድረሻው ነው። መሣሪያው የሚያነበው አዚሙዝን (ከሰሜን የሚለካውን የአግድም አንግል)፣ ዜኒት አንግልን (ቀጥ ብሎ ከላይ የሚለካውን) እና ስሎፕ ዲስታንስን (ከመሣሪያው እስከ ፕሪዝሙ ያለውን ቀጥታ ርቀት) ነው። ስሎፕ ዲስታንሱ የቬክተሩ ርዝመት ነው፤ ሁለቱ አንግሎች አቅጣጫው ናቸው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። መሣሪያው ያለበት ነጥብ ኢስቲንግ (ምሥራቁ) 530,120.000፣ ኖርዚንግ (ሰሜኑ) 944,260.000፣ ኢለቬሽን (ከፍታው) 1,635.000 ይሁን። ንባቡ አዚሙዝ 150 ዲግሪ፣ ዜኒት 86 ዲግሪ፣ ስሎፕ ዲስታንስ 120.000 ሜትር ነው እንበል።

መጀመሪያ ርዝመቱን ወደ አግድምና ወደ ቁመት ክፈዪው። አግድሙ 120 × ሳይን 86 = 119.708፤ ቁመቱ 120 × ኮሳይን 86 = 8.371። ቀጥሎ አግድሙን ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ክፈዪው። ምሥራቁ 119.708 × ሳይን 150 = 59.854፤ ሰሜኑ 119.708 × ኮሳይን 150 = −103.670። ቬክተሩ በምሥራቅ፣ በሰሜንና በቁመት ቅደም ተከተል (59.854፣ −103.670፣ 8.371) ነው። የስኩዌራቸውን ድምር ስኩዌር ሩት ብታወጪ 120 ይመጣል፤ ካልመጣ ወደፊት አትሂጂ። መነሻው ላይ ስትደምሪ ኢስቲንግ 530,179.854፣ ኖርዚንግ 944,156.330 ይሆናል።

ነጥብሽ ሌላ ሰፈር የሚወድቀው ከሞላ ጎደል በእርግጠኝነት እዚህ ላይ ነው። በሒሳብ ክፍል አንግል የሚለካው ከኤክስ ዘንግ ተነስቶ ሰዓት በሚዞርበት ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ኤክስ ኮሳይን፣ ዋይ ሳይን ይወስዳል። አዚሙዝ ግን ከሰሜን ተነስቶ ሰዓት እንደሚዞር ስለሚለካ ምሥራቁ ሳይን፣ ሰሜኑ ኮሳይን ይሆናል። የክፍሉን ልማድ ወደ ሜዳ ይዘሽ ከመጣሽ ምሥራቁ −103.670፣ ሰሜኑ 59.854 ይሆንና በዚህ ምሳሌ ነጥቡ ከእውነተኛው ቦታ 231 ሜትር ገደማ ይርቃል። ከመደመርሽ በፊት በዓይንሽ ፍረጂ፦ አዚሙዝ 150 ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ምሥራቁ ፖዘቲቭ፣ ሰሜኑ ኔጋቲቭ መሆን አለበት። ይህን ለማየት ካልኩሌተር አያስፈልግም።

ዜኒት አንግል የሚለካው ቀጥ ብሎ ከላይ ነው፤ 90 ሲሆን አግድም፣ ከ90 ሲበልጥ ወደ ታች። ከአግድም እንደሚለካ ቆጥረሽ ሳይንና ኮሳይኑን ከቀያየርሽ ከፍታሽ በ111 ሜትር ገደማ ይዘላል፤ ይህኛው ስሕተት ቢያንስ ራሱን ያሳብቃል። የማያሳብቀው የደቂቃው ነው። 86 ዲግሪ ከ30 ደቂቃን 86.30 ብለሽ ብታስገቢ ትክክለኛው 86.5 ነበርና ከፍታው ላይ 42 ሴንቲሜትር ገደማ ታጭበረብሪያለሽ፤ ማንም በዓይኑ አያየውም። ደቂቃውን ለ60፣ ሴኮንዱን ለ3600 አካፍለሽ ደምሪ፤ ወይም የካልኩሌተሩን የዲግሪ ቁልፍ ተጠቀሚ።

ከፍታው ላይ ሌላም ነገር አለ። ቬክተሩ የሚነሳው ከመሣሪያው መነጽር ነው፤ የሚያርፈው በፕሪዝሙ መሃል ነው። መሬት ላይ ያሉት ነጥቦች ከሥር ናቸው። የመሣሪያው ቁመት 1.550፣ የፕሪዝም ዘንጉ 1.800 ከሆነ ኢለቬሽኑ 1,635.000 + 1.550 + 8.371 − 1.800 = 1,643.121 ነው። ዘንጉን ዛፍ ለማለፍ ከፍ አድርገሽው ለቀያሹ ካልነገርሽው ልዩነቱ እንዳለ ከፍታው ውስጥ ይገባል። 1.800 ላይ ያለ ዘንግ በአንድ ዲግሪ ቢያዘነብል ደግሞ ፕሪዝሙ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የዘንጉን ባብል (ቀጥ ማለቱን የሚያሳየውን) የምታዪው አንቺ ነሽና ይህ ሙሉ በሙሉ በእጅሽ ያለ ነው።

የቀያሹም ድርሻ አለ። ባክ ሳይት ሲያደርግ (ወደሚታወቅ ነጥብ አይቶ የመሣሪያውን አቅጣጫ ሲያስተካክል) አዚሙዙ በአንድ ደቂቃ ከተሳሳተ በ120 ሜትር ላይ 3.5 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ነው፤ አቅጣጫው ተበላሽቶ ርዝመቱ ግን ልክ ነው። ፕሪዝም ኮንስታንቱ (እንደ ፕሪዝሙ ዓይነት ርቀቱ ላይ የሚደረገው ማስተካከያ) ብዙ ጊዜ 0 ወይም −30 ሚሊሜትር ነው፤ የተሳሳተው ከገባ አቅጣጫው ልክ ሆኖ ርዝመቱ ይበላሻል። ስሕተቱ ወደ ጎን ነው ወይስ በእይታው መስመር ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚለውን አይተሽ የቱን መፈተሽ እንዳለባችሁ መለየት ትችያለሽ።

በእጅሽ ያወጣሽው ቁጥር ከመሣሪያው ጋር በጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ከተለያየ አንቺ ላትሳሳቺ ትችያለሽ። ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መረብ ዞን 37 ላይ በ39 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር አካባቢ ስኬል ፋክተሩ (ርቀቱን ወደ ካርታው ለመቀየር የሚባዛበት ቁጥር) 0.9996 ነው፤ በኪሎ ሜትር 40 ሴንቲሜትር ያሳጥራል። አዳማ አካባቢ ያለው ከፍታ ደግሞ በኪሎ ሜትር ሌላ 26 ሴንቲሜትር ገደማ ያሳጥራል። በአንዳንድ አገር ሁለቱ ይጣፋሉ፤ በእኛ ደጋማ ቦታዎች በዚህ መስመር አካባቢ ግን ሁለቱም ወደ ማሳጠር ስለሚሄዱ ይደመራሉ። በ120 ሜትር 8 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። መሣሪያው በግሪድ (በካርታው ርቀት) ነው የተሞላው ወይስ በግራውንድ (በመሬቱ ርቀት) ብለሽ ጠይቂ፤ ግሪድ ከሆነ ምሥራቁንና ሰሜኑን በጥምር ፋክተሩ (የስኬሉና የከፍታው ማሳጠሪያ አንድ ላይ) አባዢ፤ ቁመቱን ተዪው።

ልዩነቱ ከ100 ሜትር በላይ ሆኖ ሁሉም ነጥቦች ወደ አንድ ወገን ከሸሹ ግን ዳተሙን (ኮኦርዲኔቱ የሚቆጠርበትን መሠረት) ጠርጥሪ። የቆዩት የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች አድንዳን በሚባለው ዳተም ናቸው፤ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ካልተቀየረ ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ነው የሚሰጠው። መነሻውን ከአንዱ፣ ማወዳደሪያውን ከሌላው ከወሰድሽ ቬክተሩ ልክ ሆኖ ሳለ መነሻው ስለተሳሳተ መድረሻው በሙሉ ይፈናቀላል። በመልመጃው ላይ ያየሽው ነገር እዚህም አለ፤ የመነሻው ስሕተት ቬክተሩን አይነካም፣ መድረሻውን ግን ይዞት ይሄዳል።

ወደ ኋላ መሥራትም ይመጣል። የዲዛይን ነጥብ ኮኦርዲኔት ተሰጥቶሽ «ወዴት ልዙር፣ ስንት ሜትር ልሂድ» ስትዪ ከመድረሻው መነሻውን ቀንሺና ምሥራቁን ለሰሜኑ አካፍለሽ የታንጀንቱን ግልባጭ አውጪ። በእኛ ምሳሌ 59.854 ለ −103.670 ካልኩሌተሩ −30 ይልሻል፤ አዚሙዙ ግን 150 ነው። ሰሜኑ ኔጋቲቭ ሲሆን 180 ደምሪ፤ ሰሜኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ምሥራቁ ኔጋቲቭ ሲሆን 360 ደምሪ። ይህን የረሳ ሰው 180 ዲግሪ ዞሮ በተቃራኒው በኩል ችካል ይመታል።

ካልኩሌተሩን በተመለከተ እንደ ካሲዮ ኤፍኤክስ 991 ያሉት የቬክተር ሞድ አላቸው፤ ለክፍልሽ ይጠቅማል፤ ለሜዳው ግን የሚያስፈልጉሽ ሁለት ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ ፖልና ሬክ የሚባሉት፤ እነዚህ ደግሞ በረከሱትም ላይ አሉ። ሬክ ውስጥ አግድሙን 119.708ና አዚሙዙን 150 ስታስገቢ ኤክስ ብሎ የሚያወጣልሽ −103.670 ሰሜኑ ነው፤ ዋይ ብሎ የሚያወጣው 59.854 ምሥራቁ ነው። ስሙ ተገልብጦ ቢታይሽ አትደንግጪ። ፖል ደግሞ ሰሜኑን አስቀድመሽ፣ ምሥራቁን አስከትለሽ ስትሰጪው ርቀቱንና አዚሙዙን ያወጣል፤ ኔጋቲቭ ከመጣ 360 መደመር ብቻ ነው፤ የ180ው ጣጣ አይኖርም። ከገዛሽ በኋላ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት በየጠዋቱ ሳይን 30 ንኪና 0.5 መምጣቱን እይ፤ −0.988 ከሰጠሽ በራዲያን ላይ ነው፤ 0.454 ከሰጠሽ በግራዲያን።